ከኮከቧ በኋላ የጻፍኩት ስም

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ሥራዬን የተረከቡኝ ልጆች አንድ ነገር ጠየቁኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን የጻፍኳቸውን የትእዛዝ ፋይሎች እየከፈቱ ሲያዩ፣ የሁሉም አጀማመር አንድ ዓይነት ሆነባቸው። ማናቸውም ቢሆኑ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሊነኳቸው ያሰቧቸውን ፋይሎች ስም አንድ በአንድ ይዘረዝሩና ቆመው ይጠብቃሉ። ሰው አንብቦ እሺ ካላለ ንቅንቅ የለም። «ወይዘሮ ፋንታዬ፣ ይህን ያህል ዘመን ምን አድርገንዎ ነው ያስጠበቁን?» አሉኝ። «ለአንዲት የጋይንት ሴት ብዬ ነው» ብላቸው ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው፣ እኔም አላረምኳቸውም። ቤቴ ገብቼ ጋቢዬን ለብሼ ስቀመጥ ግን ያ አገር ከነጉሙ መጣብኝ። እነሆ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሥራ የለኝም፤ እሱን ሳይ እውላለሁ።

ትውልዴ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። የጽሕፈት መኪና የተማርኩት እዚያው ወረዳ አስተዳደር ቢሮ፣ በሁለት ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ ከሚጽፉ አንድ አዛውንት ነበር። እኔ በዐሥር ጣቴ መጻፍ ስጀምር ተቀየሙኝና ደብረ ታቦር ተዛወርኩ። ደሞዙ እንደ ማንም የዚያ ዘመን ታይፒስት ደሞዝ ነው፤ ለቤት ኪራይ ደርሶ ለጫማ አይደርስም። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ካለፈ ከጥቂት ዓመት በኋላ ላይ ጋይንት ደግሞ ዝናብ ከዳውና ንፋስ መውጫ ላይ የእህል ማከፋፈያ ጣቢያ ተከፈተ። ለጣቢያው አንድ ኮምፒውተር ተሰጠው። አዲስ አበባ ስድስት ሳምንት አስተምረው፣ «በዐሥር ጣት የምትጽፈዋ» ብለው እኔን ከማሽኑ ጋር በጭነት መኪና ላኩን። ማሽኑ ጋቢና ውስጥ፣ እኔ ደግሞ ከላይ ከስንዴው ጋር ነበርን።

ቢሮዬ የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። የንፋስ መውጫ ንፋስ ስሙን በከንቱ አላገኘም፤ ቆርቆሮውን ሲመታው ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው የሚያንኳኳ ይመስለኝ ነበር። ጄኔሬተሩ የሚነሳው ጠዋት ጠዋት ለሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ጉሙ በመስኮት ሲገባ፣ የስክሪኑ አረንጓዴ ፊደል ጉሙ ላይ ሲያበራ፣ እውነት እላችኋለሁ፣ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ የማላውቅባቸው ጠዋቶች ነበሩ።

ሁለት ሰዎች ነበሩ ከእኔ ጋር። አለቃችን ጓድ አስማረ፣ የጣቢያው ኃላፊ፣ ቆብ የማያወልቁ፣ ቁጣቸው ከድምፃቸው በፊት የሚመጣ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ስም ጠሪያችን የኔታ ልሳነ ወርቅ ናቸው። እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ ሲማሩና ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ጉባኤያቸው በችግር ሲበተንባቸው ለእንጀራ ብለው ጣቢያው የገቡ ሊቅ። ገበሬውን የሚመዘግቡት፣ በእደላ ቀን ከጆንያው አጠገብ ቆመው ስም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ማሽኑ አማርኛ ስለማያውቅ ዝርዝሩን በላቲን ፊደል ነበር የማትመው። የኔታ ላቲኑን በአንድ ወር ለመዱትና፣ «ይህስ ፊደል አይባልም፣ አጥንት ነው፤ ሥጋውን እኔ አለብሰዋለሁ» ይሉ ነበር።

ለየአጥቢያው አንድ አንድ ፋይል ከፍተን የእያንዳንዱን አባወራ ስም እዚያ ውስጥ እጽፋለሁ። ጓድ አስማረ ፋይሎቹ በገበሬ ማኅበር ቁጥር እንዲሰየሙ ፈልገው ነበር። ግን ገበሬውን «የት ነህ?» ብትሉት ቁጥሩን አያውቀውም። «ሽሜ ማርያም»፣ «ቋና ጊዮርጊስ»፣ «ጓንጉት ሚካኤል» ይላችኋል፤ አገሩን አስቀድሞ ታቦቱን ያስከትላል። እኔም እንደ አነጋገሩ ሰየምኳቸው። ማሽኑ ለፋይል ስም የሚፈቅደው ስምንት ፊደል ነው፤ አምስቱን ለአገሩ፣ ሦስቱን ለታቦቱ አደረግሁ። ጓድ አስማረ አይተው፣ «ይሄ የመንግሥት መዝገብ ነው የሰንበቴ?» ብለው ነበር። ሳይፈቅዱም ሳይከለክሉም አለፉት።

አሁን ስለ ኮከቧ ልንገራችሁ። ትእዛዞችን በተርታ ጽፈን በአንድ ስም የምናስቀምጥበት ፋይል ነበር፤ ዛሬ ልጆቹ ስክሪፕት ይሉታል። ስሙን ስትጠሩት በውስጡ ያሉትን ትእዛዞች ከላይ እስከ ታች ይፈጽማል። ከስሙ ቀጥላችሁ አንድ ቃል ብትጽፉለት ያን ቃል ተቀብሎ በውስጡ ባዘጋጃችሁለት ቦታ ሁሉ ይተካዋል። ያ ቃል የአንድ ፋይል ስም ሊሆን ይችላል፤ ኮከብ ያለበትም ሊሆን ይችላል። ኮከብ የምንላት ምልክት «የቀረውን አንተ ሙላው» ማለት ናት። የአገሩን መነሻ ፊደል ጽፌ ኮከብ ካስከተልኩ በዚያ ፊደል የሚጀምሩት አጥቢያዎች ሁሉ ተራ በተራ ይታተሙልኛል። ሃያ ጊዜ የምጽፈውን አንድ ጊዜ ጽፌ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። በዚያች ኮከብ ምን ያህል እኮራ እንደነበር አልነግራችሁም።

የኔታ አንድ ጠዋት ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣

«ይህችን ኮከብ የሚሞላት ማነው?» አሉኝ።

«ማሽኑ ነዋ፣ የኔታ።»

«ማሽኑማ ስንቱ ነው። አንቺ የጻፍሽው ፋይል ነው የሚሞላት ወይስ ከሱ በታች ያለው አገልጋይ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ አዲስ አበባም አልጠየቁኝ። አሰብኩት። የእኔ ፋይል ኮከቧን እንዳለች፣ ሳይፈታት ይቀበልና ያሳልፋታል። በዲስኩ ላይ ያሉትን ስሞች እያየ የሚሞላት ከሱ በታች ያለው የመገልበጫው ወይም የማጥፊያው ትእዛዝ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

«እንግዲያ ያንቺ ፋይል መልእክተኛ እንጂ አዋቂ አይደለም። ማን ማን እንደተጠራ እንኳ አያውቅ።» ቀጥለውም፣ «ድጓውም እንዲህ ነው። ቦታ ቦታው ላይ የመነሻውን ቃል ብቻ ጽፎ ይተወዋል። የቀረውን ተማሪው ከልቡ ይሞላዋል። ታዲያ አሳስቶ ቢሞላስ? ስለዚህ ከማዜሙ በፊት ንባቡን እናሰማዋለን። አንቺም ከማዘዝሽ በፊት ንባቡን አሰሚኝ» አሉኝ።

ማሰማቱ ቀላል ነበር። ያንኑ ኮከብ ለመዘርዘሪያው ትእዛዝ መስጠት ነው፤ የሚያገኛቸውን ስሞች ይደረድራል፣ እኔ አነባለሁ፣ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሲበቃቸው «ይበል» ይላሉ። እሳቸው ባሉበት ቀን ሁሉ እንዲህ አደርግ ነበር። በሌሉበት ቀን ግን ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

ጥምቀት ደረሰና የኔታ ታቦት ሊያጅቡ ወደ ቤተ ልሔም ወረዱ። ጓድ አስማረ ግን ቢሮው በቃና ዘገሊላ ዕለትም ይከፈት ስላሉ እኔ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። አንዲት ሴት ከቋና ጊዮርጊስ መጣች። ሰው ሁሉ በዓል ላይ ስለሆነ ወረፋ አይኖርም ብላ፣ ሌሊት ተነስታ የግማሽ ቀን መንገድ ስትመጣ ነው። ባሏ በመስከረም ሞቶባታል፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ እስከዚያ ድረስ በባሏ አባት ስም ይበቃል ብለው አላስመዘገቧትም ነበር። ፎርሙን ሞላሁላት፣ ጣቷን ቀለም ነክታ አተመች፣ ስሟን ቋና ጊዮርጊስ ፋይል መጨረሻ ላይ ጻፍኩት።

«አሁን ገባሁ?» አለችኝ።

«ገባሽ።»

«እንግዲያ በሬዬን አልሸጥም» አለች። «አንድ በሬ ነው ያለኝ። ከጎረቤቴ በሬ ጋር አቀናጅቼ ነው የማርሰው። እሱን ከሸጥኩ መሬቴ የሰው ነው። ስንዴው እስኪመጣ ቆሎ ቆርጥመን እንቆያለን።»

በማግሥቱ መኪና ወደ ደብረ ታቦር ስለሚሄድ ፎርሞቹን ሁሉ አሽጌ ላክሁ። ሴትዮዋ ከኮምፒውተሩ በቀር የትም አልቀረችም።

ጓድ አስማረ የእደላውን ቀን ለጥር ሃያ አንድ ቆረጡት። «ጓድ፣ አስተርእዮ ማርያም ነው» አልኳቸው። «ስንዴ በዓል አያውቅም» አሉኝ። ስንዴ ባያውቅ ሰው ያውቃል። የማርያም አጥቢያዎች የንግሥ ቀናቸው ስለሆነ አንድ ሰው አይመጣም፤ ስማቸው ተጠርቶ «ቀሪ» ይባላሉ፣ ቀሪ የተባለ ደግሞ ለሚቀጥለው ዙር ይገፋል። ስለዚህ የማርያሞቹን ዝርዝር ለብቻ አውጥቼ ወደ ፍሎፒ፣ ወደ ተነቃዩ ትንሽ ዲስክ፣ ላሸጋግርና ከበዓሉ ማግሥት ላትመው፣ ጓድ አስማረም ሳይከራከሩ እንዲያልፍ አሰብኩ። ብልጠቴ ነው እንግዲህ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይላሉ፤ እኔ ግን ያፈጠጥኩት በራሴ ላይ ነበር።

ሁለት መስመር ያለው የትእዛዝ ፋይል ጻፍኩ። የመጀመሪያው መስመር የተሰጠውን ስም ወደ ፍሎፒው ይገለብጣል፤ ሁለተኛው ያንኑ ስም ከዋናው ዲስክ ያጠፋል። ከዚያ ጠራሁትና የሚቀበለውን ቃል ሰጠሁት፦ መጀመሪያ ኮከብ፣ ቀጥሎ የማርያም ሦስት ፊደል። አገሩ የትም ይሁን፣ መጨረሻው ማርያም የሆነውን ሁሉ ማለቴ ነው። እስከዚያ ቀን ኮከቧን ከፊደል በኋላ እንጂ ከፊደል በፊት አድርጌያት አላውቅም ነበር። እንዲያ ያደረግሁት አገሬው ታቦቱን መጨረሻ ላይ ስለሚጠራ ነው። የኔታ ገና አልተመለሱም። ንባብ ሳላሰማ አዘዝሁና ለማተሚያው ወረቀት ላስተካክል ዞርሁ።

ስመለስ ስክሪኑ ላይ «ቦታ የለም» የሚል መልእክት አለ። ፍሎፒው ሞልቷል። የማርያም ዝርዝር እንዴት ፍሎፒ ይሞላል ብዬ ዋናውን ዲስክ ዘረዘርሁት። የአንድም አጥቢያ ፋይል የለበትም።

ያ ማሽን ኮከብ ካየ በኋላ ስሙን እስከሚዘጋው ነጥብ ድረስ የተጻፈውን ፊደል አያነብም ነበር። ማርያም ብዬ የጻፍኩት ለሱ እንዳልተጻፈ ነው፤ የሰማው «ሁሉንም» የሚል ትእዛዝ ነው። ሁሉንም መገልበጥ ጀመረ፣ መሐል ላይ ፍሎፒው ሞላና ቆመ። ሁለተኛው መስመር ደግሞ የፊተኛው መፈጸም አለመፈጸሙን ሳይጠይቅ ሁሉንም አጠፋ። ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ሌላ ዓይነት ማሽን ላይ ሠራሁ። እዚያ ኮከቧን የሚሞላት ትእዛዝ ተቀባዩ ራሱ ነው፣ ገና በር ላይ፤ የእኔ ፋይል የሚደርሰው የተሞላ የስም ዝርዝር እንጂ ኮከብ አይደለም፣ ከኮከቧ በኋላ የተጻፈውንም ፊደል አክብሮ ያነበዋል። ያን ያየሁ ዕለት ሥራዬን ትቼ ውጭ ወጥቼ አለቀስሁ። ደግሞ የጠፋ ፋይል መመለሻ ዘዴ እንዳለ የሰማሁትም በኋላ ዘመን ነው። ያኔ የማውቀው ጠፋ ማለት ጠፋ መሆኑን ብቻ ነበር።

ፍሎፒው ላይ ያልደረሱት ስምንት አጥቢያዎች ናቸው። ቋና ጊዮርጊስ ከነሱ አንዱ ነው። የኔታ በዚያው ከሰዓት ገቡና ነገርኳቸው።

«ለጓዱ ንገሪ» አሉኝ። «ፎርሙን በሬዲዮ ከደብረ ታቦር ያስመልሱታል።»

«አሻጥር ይሉኛል፣ የኔታ።»

በዚያ ዘመን ይህ ቃል የት እንደሚያደርስ እሳቸውም ያውቃሉ። ከዚያ በላይ አልተጫኑኝም። ማኅደሩ የተቀደደ መጽሐፋቸውን አስቀምጠው፣ «እንግዲያ ጻፊ» አሉ።

እነዚያ ሦስት ቀናት ከሕይወቴ ሁሉ የማልጠግባቸው በሆኑ ነበር፣ ጥፋቴ ባያስከትላቸው ኖሮ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይነሳሉ። «ከደጀ ሰላሙ ወደ ቀኝ፣ ግራሩ ያለበት፣ የአለቃ እንግዳ ልጅ ቤት። ቀጥሎ የእህቱ። ከዚያ ምንጯን እንሻገርና…» ስም ይመጣል፣ እጽፋለሁ። ሰፈሩን በዜማ ነበር የሚሄዱት፤ ዳገቱ ላይ ድምፃቸው ይከብዳል፣ ቁልቁለቱ ላይ ይፈጥናል። ጉሙ ክፍሏን ሞልቶ እኔም አብሬያቸው የምሄድ፣ እግሬ ጤዛ የሚነካ ይመስለኝ ነበር። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ በወረቀት እንቀጥላለን። ቋና ጊዮርጊስን ጨርሰው፣ «እኔ የማውቀው ይኸው ነው። እኔ በሌለሁበት የገባ አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለም» አልኩ።

ዋሽቼ አልነበረም። ፈጽሞ ረስቻት ነበር።

ጥር ሃያ አንድ ጠዋት ሜዳው ሞላ። የኔታ ከጆንያው ክምር አጠገብ ቆመው ሲጠሩ፣ የተጠራው «አቤት» እያለ ሲወጣ፣ በልቤ አመሰገንሁ። ከእነዚያ ስምንት አጥቢያዎች ማንም አልቀረ መሰለኝ። ቋና ጊዮርጊስ አለቀና ወደሚቀጥለው ሲያልፉ አንዲት ሴት ከሰልፉ ወጥታ መጣች። ያቺ በቃና ዘገሊላ ዕለት የመዘገብኳት ናት።

«የእኔ አልተጠራም» አለች።

«ስምሽ?» አሏት ጓድ አስማረ። ስትነግራቸው ንፋሱ ወሰደውና እኔ ጋ አልደረሰም። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። «የለሽም።»

«ኧረ አለሁ። ይችው እሷ ናት የጻፈችኝ» ብላ በጣቷ አሳየችኝ።

ጓድ አስማረ ዞሩብኝ። «መዝግበሻታል?»

መዝግቤያታለሁ ብል፣ ታዲያ የት ሄደች ይሉኛል። የት ሄደች ሲሉኝ ስምንቱ አጥቢያ ይወጣል፣ የኔታም ከእኔ ጋር ይወጣሉ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በአንድ ትንፋሽ ነው። ደግሞም ስሟን በእውነት አላስታውሰውም ነበር።

«አላስታውስም» አልኩ።

ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። አንድ ጊዜ አየችኝና ባዶ አቁማዳዋን አጥፋ በነጠላዋ ውስጥ አደረገች። ጥግ ላይ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስም ጥሪው እስኪያልቅ ጠበቀች። ሲያልቅ ሄደች። የኔታ ወረቀታቸውን አጥፈው በአጠገቤ ሲያልፉ፣ «ስሟን ባላውቅ ፊቷን አውቃለሁ ማለት አይቻልሽም ነበር?» አሉኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲያ ያለ ነገር ተናግረውኝ አያውቁም።

በማግሥቱ ጠዋት ጓድ አስማረ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርሁ። ቆባቸውን አወለቁ። በር ዘጉ። ሊያስሩኝ ነው ብዬ ነበር።

«ይህን አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም» አሉኝ። «ከዚህ ክፍል ከወጣ እኔም አብሬሽ ነኝ።» ከዚያ ማዘዣ ወረቀት ስበው፣ «ስሟ ማነው?» አሉ። አላውቅም አልኳቸው። ስሙን ባዶ ትተው ፈርመው ሰጡኝ፤ «አንቺው ሙዪው» አሉኝ። ትናንት ብናገር ትናንት ይሰጡኝ ነበር። ያን ሁሉ ፍርሃት የፈራሁት ቆባቸውን ነው እንጂ ሰውየውን አላውቃቸውም ነበር።

የኔታ በቅሎ ለምነው አመጡና ስንዴውን ጫንን፤ ወደ ቋና ወረድን። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ይበላዋል፤ የበቅሎዋን ጭራ ይዤ ነው የሄድሁት። ባሏ በመስከረም የሞተባት እያልን ጠይቀን ብንደርስ ቤቷ ደጃፍ በእሾህ ተዘግቷል። ጎረቤቷ አንድ ሽማግሌ ወጡ።

«አበሩን ነው? ትናንት ማታ እንደገባች በሬዋን ለነጋዴ አስረከበች። ዛሬ ማለዳ ልጆቿን ይዛ ወደ እስቴ፣ ወንድሟ ዘንድ ወረደች።»

ስሟን ያወቅሁት እንዲህ ነው። ስንዴውን መልሰን ስንወጣ የኔታ አንዳች ዜማ በለሆሳስ ያዜሙ ነበር፤ እኔ አለቅስ ነበር፣ እሳቸውም ዝም በይ አላሉኝም።

አበሩ ብዬ ቋና ጊዮርጊስ ፋይል ላይ ጻፍኳት። በየዙሩ ታትማ ትወጣለች፣ የኔታ ይጠሯታል፣ ይጠብቃሉ፣ ያልፋሉ። ጓድ አስማረ ቀሪ ናት ብለው አልሰረዟትም። መጋቢትም ሚያዝያም እንዲህ አለፈ። በግንቦት፣ ሰው ለዘር ወደየመሬቱ ሲመለስ፣ የኔታ «አበሩ» ብለው ሲጠሩ ከወደ ኋላ «አቤት» አለች።

ጠቁራለች፣ ልጆቿ ደኅና ናቸው። መሬቷን ጎረቤቷ አርሶ እኩል እንዲያካፍላት ሰጥታለች፤ በሬ የለማ። ስንዴዋ ተሰፍሮላት ጆንያውን ስታስር አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር፤ ስለ ኮከቧ፣ ስለ ፍሎፒው። አንዱም አልመጣልኝም።

«በጥር ስምሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ጽፌሽ ነበር። በስሕተት አጠፋሁሽ። ስጠየቅ ደግሞ ፈርቼ አላስታውስም አልሁ።»

ገመዷን እንደያዘች አየችኝ።

«አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እኔስ እግዜር ሰርዞኝ ነው ብዬ ነበር» አለች። «ባሌን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ እኔን ከሰው ቁጥር አወጣኝ፣ ምን በድዬው ነው እያልሁ አራት ወር ሙሉ ስጠይቀው ከረምሁ። ሰው ከሆነስ ደኅና።»

ገመዷን አጠበቀች። ተነሥታ ጀርባዋን ሰጠችኝና፣ «በይ አሸክሚኝ» አለች። አሸከምኳት።